ለብረት ቅጥቀጣ የሚሸጡ የዓይንና የፊት መከላከያዎች፦ የትኛው የትኛውን ፍንጣሪ ይመልሳል?

የደህንነት ዕቃ ሻጮች «ለፎርጂንግ ይሆናል» ብለው የሚያቀርቧቸው የፊት መከላከያዎች በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው፦ የፖሊካርቦኔት (ምት የሚችል ግልጽ ፕላስቲክ) መነጽር፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ግልጽ መከለያ፣ የሽቦ ወንፊት መከለያ እና ዙሪያውን ከፊት ጋር የሚገጥም ጎግል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ መነጽሩ ይገዛ። ለሁለት ከበቃ ግልጹ መከለያ ይጨመርበት። ወንፊቱ ለብቻው ከቶ አይገዛ። ከአራቱም በላይ ዓይን የሚያተርፈው ዕቃ ግን በዚያ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። የዳይ፣ ማለትም የጋለውን ብረት ቅርጽ የሚያስይዘው ጠንካራ ብረት፣ ሽብልቅ የሚመታበት ዘንግ ነው፤ ቦታው ሲደርስ በሰፊው እናየዋለን።

ዕቃዎቹን ከመመዘን በፊት የሚበረውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብረት ለቅጥቀጣ ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ላዩ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ተሰባሪ ስለሆነ የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት ተሰነጣጥቆ በዳዩ ዙሪያ ይረጫል። ትኩስ ቢሆንም ስስና ቀላል ነው፤ አየሩም ቶሎ ያዘገየዋል። ስለዚህ ጉዳቱ በአብዛኛው ቃጠሎ ነው፦ በአንገት፣ በጫማ አፍ፣ በጓንት እጅጌ፣ ወይም በዓይን ሽፋን ላይ። ለዚህኛው ደህና የተሠራ መከለያ ሁሉ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ፍንጣሪ ከመሣሪያው ራሱ የሚገነጠል ነው። የዳይ ጠርዝ፣ የሽብልቅ ጫፍ፣ የመሮ ራስ፣ የእጅ መዶሻ ፊት፣ ሁሉም ከጋለው ብረት ይልቅ ጠንካራ ናቸው። ሁለት ጠንካራ ፊቶች ሲጋጩ፣ ወይም ተደጋግሞ ተመትቶ እንደ እንጉዳይ የተንጠለጠለ ራስ እንደገና ሲመታ፣ ከጠርዙ ስንጥር ተገንጥሎ ይወነጨፋል። መጠኑ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጫፉ እንደ መላጫ የሾለ ስለሆነ ጉልበቱ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። ኮርኒያን (የዓይንን ግልጽ የፊት ሽፋን) በስቶ ዓይን ውስጥ የሚቀረው፣ በአንገት ወይም በጭን ገብቶ የደም ስር የሚቆርጠው ይኸኛው ነው። ይህ ፍንጣሪ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እቶኑ በሚነድበት ሰዓት አይደለም። ዳይ ሲቀየር፣ ሽብልቅ ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ የተጣበቀ ሥራ በመሮ ሲነቀል ነው። በዚያን ሰዓት ሙቀት የለም፤ ሙቀት ስለሌለም መከለያው ወልቆ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መነጽሩን ከመከለያው ያስቀደምነው ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ላይ የሚቆየው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ከባዱ። በማሽን መዶሻ ሥር ሲቆረጥ የሚፈናጠር ቁራጭ፣ የተሰበረ ዳይ ክፋይ፣ ወይም ዳዩ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ የቀረ የማለስለሻ ዘይት በምቱ ተቀጣጥሎ የሚያስፈነጥረው ሥራ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝንን ብረት ፊት ላይ የሚለበስ ማንኛውም ዕቃ አይመልሰውም። ለእሱ መድኃኒቱ ከበረራው መስመር ውጭ መቆምና የማሽን ግርዶሽ ነው። ለዚህም «መከለያ አለኝ» ብሎ ከዳዩ ፊት ለፊት የሚቆም ሠራተኛ መከለያ ከሌለው የባሰ ቦታ ላይ ነው እንላለን።

መነጽሩ

ስንገዛ የምናነበው በሌንሱና በፍሬሙ ላይ የታተመውን ምልክት እንጂ የሻጩን ወረቀት አይደለም። የአውሮፓው ኢኤን 166 መስፈርት ዲያሜትሯ 6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 0.86 ግራም የሆነች የብረት ኳስ ተኩሶ ይፈትናል። «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለው በሰከንድ 45 ሜትር የምትመጣዋን፣ «ቢ» 120 ሜትር፣ «ኤ» 190 ሜትር የምትመጣዋን የቻለ ነው። ወደ ጉልበት ሲመነዘር ኤፍ 0.9 ጁል፣ ቢ 6.2፣ ኤ 15.5 ጁል ገደማ ይሆናል። «ኤስ» ግን 43 ግራም ኳስ ከ1.3 ሜትር ላይ ተጥሎ የቻለ ማለት ብቻ ስለሆነ ግማሽ ጁል ቢደርስ ነው፤ ለቅጥቀጣ ቤት አይታሰብም። በዚህ መስፈርት መነጽር ከኤፍ በላይ አያገኝም። ቢ ለጎግልና ለመከለያ፣ ኤ ለመከለያ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ «ኤ ደረጃ መነጽር» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ሌላውንም ንግግሩን መጠርጠር ነው።

ከፊደሉ ቀጥላ የምትመጣው «ቲ» ለዚህ ሥራ ከሁሉ ትበልጣለች። ቲ ያለው ከዜሮ በታች 5 እና ከዜሮ በላይ 55 ዲግሪ ላይም ተመትቶ ችሏል። ቲ የሌለው በተለመደው የክፍል ሙቀት ለሚመጣ ፍንጣሪ ብቻ ነው። ከእቶን አጠገብ የሚውል ፕላስቲክ በክፍል ሙቀት አይውልም። «ኤፍ» ብቻ ያለበትንና «ኤፍቲ» ያለበትን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ሌንሱ ኤፍቲ ሆኖ ፍሬሙ ኤስ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚታሰበው ዝቅተኛው ነው።

በአሜሪካው አንሲ ዜድ87.1 የሚፈለገው ምልክት «ዜድ87» ተብሎ የመደመር ምልክት የተከተለው ነው። እዚያ ኳሷ 6.35 ሚሊ ሜትር ስትሆን ፍጥነቷ ለመነጽር 45.7፣ ለጎግል 76.2፣ ለመከለያ 91.4 ሜትር በሰከንድ ነው። በተጨማሪ 500 ግራም የሚመዝን ሹል ክብደት ከ127 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጣልበታል። ይህ የሹል ክብደት ፈተና ለቅጥቀጣ ቤት ከኳሷ የቀረበ ነው፤ ከመሣሪያ የሚገነጠል ፍንጣሪ ክብ ሆኖ አያውቅም። አዲሶቹ የአውሮፓ ዕቃዎች ላይ ኢኤን አይኤስኦ 16321 የሚል ካለ ፊደላቱ ተቀይረዋል፦ ሲ 45፣ ዲ 80፣ ኢ 120 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው።

ምልክቱ ትክክል ሆኖም መነጽሩ የሚከሽፍበት ቦታ ጎኑ ነው። ፍንጣሪ ከወለል፣ ከመዶሻው ምሰሶ፣ ከጎረቤት ማሽን ነጥሮ ይመጣል። ሌንሱ እስከ ጆሮ ግንድ ድረስ የሚዞር፣ ከላይ ከቅንድብ ጋር ያለው ክፍተት ከትንሽ ጣት ጫፍ የጠበበ መሆን አለበት። ስንሞክረው አንገት ወደ ላይ ቀና ተደርጎ መሆን አለበት፤ የመዶሻውን ራስ ለማየት ቀና ያለ ሰው ጉንጩ ላይ የሚከፈተው ክፍተት ቀጥ ብሎ ሲቆም አይታይም። ተራ የዕይታ መነጽር በላዩ «ጎን መሸፈኛ» ቢለጠፍበትም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ወይ በመከላከያ ደረጃ የተሠራ የዕይታ ሌንስ ይታዘዛል፣ ወይ በዕይታ መነጽር ላይ የሚደረብ ሰፊ መነጽር ይገዛል።

ጉም ሌላው ጠላት ነው። ጉም የያዘ ሌንስ ግንባር ላይ ይሰቀላል፤ ግንባር ላይ ያለ መነጽር ደግሞ ለዓይን ጥቅም የለውም። በሌንሱ ላይ «ኤን» የሚል ፊደል ጉም የመቋቋም፣ «ኬ» ደግሞ በደቃቅ ብናኝ ያለመጫር ምልክት ነው። ሁለቱም ያሉበትን እንመርጣለን። ጉም መከላከያው ልባስ ግን በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ቶሎ ይለቃል፤ ዳይ ላይ በሚረጨው ጥቁር ማለስለሻ፣ በግራፋይት፣ የቆሸሸን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ልባሱንም ሌንሱንም መፋቅ ነው። በውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ይደርቅ።

ግልጹ መከለያ

ከመነጽር በላይ የሚለበስ እንጂ በመነጽር ፈንታ የሚለበስ አይደለም። የአሜሪካው መስፈርትም መከለያን ሁለተኛ ደረጃ መከላከያ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ኋላ ክፍት ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜም ይነሳል።

ለመዶሻ ፊት የምንመርጠው ቢቲ ወይም ኤቲ የተጻፈበት፣ «9» የሚል ቁጥርም ያለበት ነው። 9 የቀለጠ ብረትና የጋለ ጠጣር ነገር የመቋቋም ምልክት ሲሆን መነጽር ላይ አይገኝም። ርዝመቱ ከአገጭ አልፎ የአንገትን ጉሮሮ መሸፈን አለበት፤ ዳዩ ወገብ አካባቢ ስለሆነ ቅርፊቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚረጨው። የአገጭ መያዣ ያለው ሞዴል ዋጋው ከፍ ቢልም ተገቢ ነው። የቆዳ ወይም እሳት የማይዘው ጨርቅ የአንገት መጋረጃ ለብቻው መግዛትም ይቻላል፤ በሸሚዝ ኮሌታ የገባ ቅርፊት መውጫ የለውምና።

ፖሊካርቦኔት ምት በመቻል ተወዳዳሪ የለውም፤ ድክመቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ 147 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ከእቶን አፍ ጥቂት ክንድ ርቆ በጨረር ሲመታ ቀስ በቀስ ይጣመማል። ሁለተኛ፣ አሴቶን፣ ቲነርና አንዳንድ ዘይቶች ሲነኩት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበቅላል፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከራስ ማሰሪያው ጋር በሚያያዝባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው። ሳምንታዊ ምርመራ ማለት መሃሉን ማየት ሳይሆን ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ነው። ሦስተኛ፣ ጥልቅ ጭረት የጥንካሬውን ብዙ ይወስዳል፤ ምት ሲያርፍበት ስብራቱ ከጭረቱ ይነሳል። አንድ ጊዜ በደንብ የተመታ መከለያም የተሰነጠቀ ባይመስል ይጣል። ከሌላው ግልጽ ፕላስቲክ፣ ከአሴቴት፣ የተሠራ መከለያ ለኬሚካልና ለጭረት ይሻላል፤ ምት በመቻል ግን ስለሚያንስ ለመዶሻ አንመክረውም።

ሻጮች የማያነሱት ሌላ ነገር ጨረር ነው። ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት የእቶኑን ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር) አብዛኛውን ያሳልፋል፤ ለዓመታት የጋለ ብረት ያዩ ዓይኖች ላይ ሞራ የሚያመጣው ይህ ጨረር ነው። እቶን የሚጠብቀው ሠራተኛ ቁጥሩ በ4 የሚጀምር የኢንፍራሬድ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ 4-3 እስከ 1210 ዲግሪ አካባቢ ላለ ምንጭ የተመደበ ነው። መዶሻው ላይ የሚሠራው ግን በጨለመ ሌንስ የዳዩን መስመር አያይም፤ ጉጠቱን ስቶ ያስቀምጣል። ለእሱ በወርቅ ስስ ልባስ የተቀባ መከለያ የተሻለ ነው፦ ሙቀቱን እያንጸባረቀ ብርሃኑን ያሳልፋል። ውድ ነው፤ ልባሱም በቀላሉ ይፋቃል።

ወንፊቱና ጎግሉ

የሽቦ ወንፊት መከለያ ጉም አይዝም፣ አይቀልጥም፣ አየር ያስተላልፋል። ሠራተኞች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ትልቁን ቅርፊት ይመልሳል፤ ከቀዳዳው ያነሰ ስንጥር ግን ሰተት ብሎ ያልፋል፤ ዳይ ላይ የሚረጨው የግራፋይት ውኃና እንፋሎትም እንዲሁ። ከሥሩ መነጽር እስካለ ድረስ እቶን ሲከፈትና ሲዘጋ ይጠቅማል፤ አለዚያ ፊትን ሸፍኖ ዓይንን የሚተው ዕቃ ነው።

ጎግል ከመነጽር የጠነከረ ነው። ነገር ግን በእቶን አጠገብ በላብ ሩብ ሰዓት የሚቆይ የለም። ዳይ በግራይንደር ሲስተካከልና በታመቀ አየር ቅርፊት ሲነፋ ይለበስ፤ ለሌላው ጊዜ አይመከርም።

የሽብልቅ መምቻ ዘንግ

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ። ዳይ በማሽን መዶሻው ራስና መቀመጫ ላይ የሚያዘው በጎን በሚገባ ሰያፍ ሽብልቅ ነው። ሽብልቁ ሲላላ ይመታል፣ ዳይ ሲቀየር ይነቀላል፤ መቺው በጠባብ ቦታ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ምቱ ያቀርባል። ብዙ ቤት ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ከወዳደቀ አክሰል የተቆረጠ ዘንግ ነው። አክሰል የጠነከረ ብረት ነው። ሽብልቁም የጠነከረ ከሆነ፣ የእጅ መዶሻውም የጠነከረ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ መሰንጠሩ አይቀርም።

ጥሩው ዘንግ የሚመታው ራሱ ያልጠነከረ፣ መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት ሆኖ ከመዶሻው ፊት የለሰለሰ ነው። የለሰለሰ ብረት ይጨፈለቃል እንጂ አይሰነጠርም። ሲጨፈለቅ ግን ጠርዙ ይንጠለጠላል፤ በምት ብዛትም ይደርቃል። ስለዚህ ጠርዙ መንጠልጠል ሲጀምር በሞላ ተቆርጦ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰያፍ ይውጣለት። ሲሞረድ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን መጋል የለበትም። ራሱ ላይ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ያለው ዘንግ አይሞረድም፤ ይጣላል። የመዶሻው ፊት ስፋትም ከሚመታው ራስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ በጠርዙ ያረፈ ምት ከዘንጉ ይልቅ መዶሻውን ያሰነጥራል። መዶሻን በመዶሻ መምታት በማንኛውም ምክንያት አይፈቀድም።

ጫፉ የነሐስ የሆነ ዘንግም ይሸጣል። ከጠንካራ ሽብልቅ ጋር ሲጋጭ ስለማይሰነጥር ለነቀላ ምርጥ ነው። ጉድለቱ ቶሎ መበላቱ ነው፤ ያልተሞረደ የነሐስ ጠርዝም ይቆረሳል። መዳብ የበዛበት ስንጥር ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከብረት የባሰ ብግነት ሊያስነሳ ስለሚችል «ነሐስ ነው» ብሎ መነጽር ማውለቅ የለም።

ከብረቱ ዓይነት ያልተናነሰው እጀታው ነው። በእጅ የሚያዝ አጭር ዘንግ እጅንም ፊትንም ወደ ምቱ ይስባል። ዘንጉን በጎን የሚይዝ፣ ከግማሽ ሜትር የማያንስ እጀታ ያለው መያዣ ያዡን ከመስመሩ ያወጣዋል። ከትልቅ የማሽን መዶሻ ጋር ሲሆን በሰንሰለት የተንጠለጠለ ከባድ መምቻ ግንድ ይበልጣል፤ ሁለት ሰው ከጎን ሆኖ ያወዛውዘዋል እንጂ ማንም ከኋላውና ከፊቱ አይቆምም። ሽብልቁ የሚወጣበት ወገንም በወፍራም ጣውላ ወይም በቆዳ መጋረጃ ይዘጋ፤ ሽብልቅ ሲላቀቅ እንደ ጥይት የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ሽብልቁ ራሱም የሚገዛ ዕቃ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ደንብ ቁጥር 1910.218 የዳይ ሽብልቅና ድጋፍ ያለ ቅጥ ከማይሰነጠቅና ከማይሰነጥር ብረት እንዲሠራ ያዛል። ቤት ውስጥ በተረፈ የመሣሪያ ብረት የሚቆረጥ ሽብልቅ ይህን አያሟላም፤ ጥንካሬው ተለክቶ የመጣ ይሻላል። ያው ደንብ ከመዶሻ በስተጀርባ ቅርፊት የሚመልስ ጠንካራ ግርዶሽ እንዲኖርም ያዛል። የተንጠለጠለ የሰንሰለት መጋረጃ ርካሽና ምቹ ቢሆንም ስንጥር በመካከሉ ያልፋል፤ በስተጀርባው ሰው የሚተላለፍ ከሆነ የብረት ሉህ ይሁን።

ዳዩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ ቀዝቃዛ ዳይ ተሰባሪ ነው። ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ቀድሞ ያልሞቀ ዳይ በመጀመሪያዎቹ ምቶች ማዕዘኑ ይፈነከታል። ሥራ ሳይኖር ባዶ ዳይ በዳይ ላይ መምታትም እንዲሁ። የትኛውም መከለያ ይህን አይተካም።

የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑ

ከመከላከያው ጋር አብረው የሚሸጡት የዓይን ማጠቢያ ጠርሙሶች ለአቧራ፣ ለግራፋይትና ለማለስለሻ ፈሳሽ ጥሩ ናቸው። ከመሣሪያ ለተገነጠለ ስንጥር ግን አይሆኑም። የተበሳ ዓይን አይታጠብም፣ አይታሽም፣ አይጨመቅም፤ ተተክሎ የሚታይ ብረትም በቦታው አይነቀልም። ሳጥኑ ውስጥ መኖር ያለበት ዓይኑን ሳይነካ በአጥንቱ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ የዓይን ክዳን ነው፤ ከሌለ የወረቀት ኩባያ ታች ተቆርጦ ያገለግላል። ክዳኑ ተለጥፎ ሰውየው ቀና እንዳለ ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰዳል።

ተንኮለኛው ጉዳት ብዙ የማያመው ነው። ቀጭን ስንጥር ስትገባ ቁስሏ ራሱን ሊዘጋ ይችላል፤ ሠራተኛው ትንሽ ቆረቆረኝ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ብረቱ ውስጥ ከቀረ ዝገቱ በወራት ወይም በዓመታት ሬቲናውን ይመርዛል። ስለዚህ ብረት በብረት ሲመታ ዓይኑን አንድ ነገር የነካው ሰው ሁሉ፣ ደህና ቢያይም፣ በዚያው ቀን ይመርመር። ለሐኪሙም «ብረት በብረት ስመታ ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገር፤ ዓይን ውስጥ ብረት ሊኖር በሚችልበት ጊዜ ኤምአርአይ ስንጥሯን ሊያንቀሳቅሳት ስለሚችል አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው ሲቲ ስካን ነው።